ድንኳኑ ከለቅሶው ይቀድማል

በየሰፈሩ ያለ ዕድር አንዲት ጠባብ የዕቃ ቤት አለችው። ውስጧ የታጠፈ ድንኳን፣ የተደራረበ አግዳሚ ወንበር፣ ጥላሸት የጠገበ ትልልቅ ብረት ድስት፣ የዕድሩ ስም በቀለም የተጻፈበት ሰሃንና ትሪ ተቀምጧል። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ አባላቱ ሁሉ ያውቃሉ። ሌሊት ሰው ቢያርፍ ጥሩምባ ይነፋል፤ ጎህ ሲቀድ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ይገኛል። ድንኳኑ ይውጣ ወይስ ይቆይ ተብሎ ስብሰባ አይጠራም። ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ስንት ብር ይሰጥ ተብሎ በዚያች ሌሊት ክርክር አይነሳም። ይህ ሁሉ የተወሰነው ማንም ከመሞቱ በፊት ነው፤ በወር አንድ ቀን፣ በደህናው ጊዜ፣ አባላቱ በተስማሙበት መተዳደሪያ ደንብ። ዕቃው ሲወጣ ይፈረማል፣ ሲመለስ ይቆጠራል፣ የጎደለ ሰሃን ካለ የወሰደው ሰው ይተካል።

የአገራችን የአደጋ ምላሽ ከዚህ ተራ የሰፈር ማኅበር ሊማረው የሚገባ ትልቅ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። በድርቅ፣ በጎርፍና በመሬት ናዳ ወገኖቻችንን የምናጣው በአብዛኛው በአገሪቱ ውስጥ እህል፣ መድኃኒት ወይም መኪና ጨርሶ ስለማይገኝ አይደለም። ያለው ንብረት ከመጋዘን ወጥቶ ወደተቸገረው ሰው እንዲሄድ የሚያዘው ውሳኔ የሚጀመረው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ የግምገማ ቡድን ይወጣል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ በተረጂው ቁጥር ላይ ወረዳና ክልል፣ ክልልና ፌዴራል ይከራከራሉ። ከዚያ ጥሪ ይቀርባል፣ ለጋሽ ቃል ይገባል፣ ግዢ ይፈጸማል፣ መርከብ ይጠበቃል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ በቂ ምክንያት አለው። ሲደመር ግን አንድ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሊቋቋመው ከሚችለው ጊዜ በጣም ይረዝማል። አበው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ለዚህ ማስረጃው በራሳችን ታሪክ ውስጥ ሞልቷል። ከ1966ቱ የወሎ ረሃብ እንነሳ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በጻፉት መጽሐፋቸው ይህን ረሃብ በዝርዝር መርምረውታል። የደረሱበት ድምዳሜ ያኔም ዛሬም ብዙ ሰው የሚገምተውን የሚገለብጥ ነው። በዚያ ወቅት በአገር አቀፍ ደረጃ የነበረው የምግብ መጠን ከወትሮው ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው ብዙ አልራቀም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው አዝመራው ሲጠፋበት ያጣው የሚበላውን ብቻ አልነበረም፤ ሸጦ የሚገዛበትንም አጥቷል፤ ከብቱም አልቋል። እህል ጭኖ የሚያልፈው መኪናና ርቦት ከገጠር የወጣው ገበሬ የተገናኙት በዚያው በሰሜኑ አውራ ጎዳና ላይ ነው። ገበሬው መኪና እያስቆመ ለመነ። እህሉ በአገር ውስጥ ነበር፤ በዓይኑ ፊትም ያልፍ ነበር። ወደ እሱ እንዲዞር የሚያዝ ደንብ ግን አልነበረም።

ከዚያ ረሃብ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትም ተዘረጋ። ስለዚህ በ1977 የደረሰው እልቂት አላወቅንም ሊባልበት የሚችል አልነበረም። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለጋሾችን ሰብስቦ ሚሊዮኖች አደጋ ላይ መሆናቸውን አስታውቋል። የሚያስፈልገው እህል ወደ 9 መቶ ሺ ቶን እንደሆነ ተናግሮ፣ አጓጉዞ ሊያከፋፍል የሚችለው ግን የዚያን ግማሽ ብቻ በመሆኑ የጠየቀው 450 ሺ ቶን ነበር። ይህ አሐዝ ቆም ብለን ልናስበው የሚገባ ነው። አንድ ተቋም ግማሹን ሕዝብ የሚያተርፍበት መኪና፣ መንገድና መጋዘን እንደሌለው ከአደጋው በፊት በራሱ አንደበት ተናግሯል ማለት ነው። ለጋሾቹ ደግሞ የተጠየቀውንም ግማሽ ተጠራጠሩት፤ ከውጭ የመጣ የግምገማ ቡድን ከዚያ እጅግ ያነሰ ቁጥር አቀረበ። የደርግ መንግሥት በበኩሉ በመስከረም 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በከፍተኛ ወጪ አከበረ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን መጠለያ ለዓለም አሳየ፤ እርዳታውም ከዚያ በኋላ ጎረፈ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ሰባት ወር ነው። መረጃው ነበር፣ በዓለም ገበያም ስንዴ ተትረፍርፎ ነበር። ማስጠንቀቂያውን ከመጋዘኑ ጋር የሚያያይዝ አስገዳጅ ውል ግን አልነበረም።

ሦስተኛው ማስረጃ ብዙ የማይወራለት የ1992ቱ የጎዴ ድርቅ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀውም እሱ ነው። በሶማሌ ክልል ጎዴ ወረዳ በዚያ ዓመት በተደረገና በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ በተጠኑት ቤተሰቦች ውስጥ በስምንት ወር ገደማ ጊዜ 293 ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ 77 በመቶው የሞቱት ዋናው የእርዳታ ሥራ ሚያዝያ አካባቢ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከአራት ሟቾች ሦስቱ እርዳታው ሲደርስ ተቀብረው ነበር። ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል፤ ከአምስት ዓመት በታች ከሞቱት ሕፃናት 22 በመቶው የሞቱት በኩፍኝ ወይም ኩፍኝ ከምግብ እጥረት ጋር ተዳምሮባቸው ነው። ኩፍኝን በክትባት መከላከል ይቻላል። እርዳታው ወደ ሕዝቡ በጊዜ ስላልሄደ ሕዝቡ ወደ እርዳታው ሄደ፤ እህል ይከፋፈላል ወደተባለበት ከተማ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰበሰቡ፤ የተጨናነቀ ሰፈር ደግሞ ለኩፍኝ ምቹ ነው። እህል ስናስብ ክትባትን፣ ንጹሕ ውኃን፣ ለሕፃናት የሚሆን አልሚ ምግብንና ለከብቱ መኖን አብረን ካላሰብን መጋዘኑ ሞልቶም ሰው ይሞታል።

በዚያው ሰሞን የአገሪቱ መጠባበቂያ የእህል ክምችት ወዴት ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ክምችት በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመ ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት ኢትዮጵያ በአደጋ ምላሽ ረገድ ከሠራቻቸው ሥራዎች ሁሉ ብልሁ ነው። የተቋቋመበት አሠራር የብድር ነው። አንድ ለጋሽ ወይም የእርዳታ ድርጅት እህል እንደሚያመጣ ማረጋገጫ ይሰጣል። መርከቡ ገና ባሕር ላይ ሳለ፣ አንዳንዴም ግዢው ሳያልቅ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከአዳማ፣ ከሻሸመኔ ወይም ከድሬዳዋ መጋዘን እህሉን ተበድሮ ያከፋፍላል። የራሱ እህል ሲገባ ይተካል። ከውጭ የሚገዛ ስንዴ ወረዳ እስኪደርስ አራት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ብድሩ ይህን ጊዜ ይቆርጠዋል። ክምችቱም ስለሚሽከረከር እህሉ አይነቅዝም። ልክ እንደ ዕድሩ ድንኳን ይወጣል፣ ይፈረምበታል፣ ይመለሳል። ነገር ግን በ1991 እና በ1992 ተበዳሪዎቹ የወሰዱትን በጊዜ ሳይመልሱ ቀሩ፤ ድርቁ በበረታበት ወቅት ክምችቱ ተሟጦ ተገኘ። ከተበዳሪዎቹ መካከል ታላላቅና ሀብታም ለጋሾች ነበሩ። ስለዚህ የጎደለው አቅም አልነበረም፤ ብድሩ በቀኑ ካልተመለሰ የሚያስከትለው ቅጣት አልነበረም። ዕድር የጎደለ ሰሃን ያስተካል። አገር የተበደሯትን እህል ሳታስመልስ የቀረችው ግን ውሉ ሲጻፍ ይህን የሚደነግግ ጠንካራ አንቀጽ ስላልተቀመጠ ነው።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይጠቅማል። በአገራችን የተለመደው የእርዳታ ስፍር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው። ለ1 ሚሊዮን ሰው የአንድ ወር ስፍር 150 ሺ ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና 400 ኩንታል ያህል ይጭናል ብንል፣ ለ1 ሚሊዮን ሰው ብቻ በየወሩ 375 መኪና ያስፈልጋል። በ2008ቱ ድርቅ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ነበር፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ቢሰፈር በወር ከ3,800 በላይ የመኪና ጭነት ነው። ክምችቱ በኋላ እንዲደርስ የታቀደለት መጠን ወደ 4 መቶ ሺ ቶን ነበር፤ ያ ሙሉ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ለእነዚህ ሰዎች ሦስት ወር አያደርስም። እነዚህ መኪኖች ደግሞ ወረዳ ላይ አራግፈው ይመለሳሉ። ከወረዳው መጋዘን እስከ ማከፋፈያ ጣቢያው ያለው መንገድ በክረምት ይቆረጣል፤ ከጣቢያው እስከ ቤት ያለው በአህያ፣ በግመል ወይም በሴት ጀርባ የሚሄድ ነው። አንዲት እናት የአምስት ሰው ቤተሰቧን ስፍር 75 ኪሎ ተቀብላ ተሸክማ መሄድ ስለማትችል፣ ግማሹን ለአህያ ኪራይ ስትሸጥ የእርዳታው ስሌት በዚያች ቅጽበት ይፈርሳል። ይህን የመጨረሻውን ምዕራፍ በደህናው ቀን ያላሰበ ዕቅድ ገና ግማሽ ዕቅድ ነው።

ያው የ2008 ድርቅ በሌላ በኩል የተሻለ አሠራር ምን ሊያደርግ እንደሚችልም አሳይቶናል። በኤልኒኖ ምክንያት የደረሰው የዝናብ እጥረት በአሥርት ዓመታት ከታዩት ሁሉ የከፋ ነበር፤ የ1977ቱን ዓይነት እልቂት ግን አላየንም። መንግሥት የለጋሾችን ምላሽ ሳይጠብቅ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ ከራሱ ካዝና አውጥቶ እህል ገዛ። ከ1997 ጀምሮ የተዘረጋው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተረጂዎቹን ስም፣ የማከፋፈያውን ቦታና የክፍያውን መንገድ አስቀድሞ ይዞ ስለነበር በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች ከዜሮ መነሳት አላስፈለገም። ልዩነቱን የፈጠሩት ድርቁ ሳይመጣ የተሠሩት ሥራዎች ናቸው። ያልታሰበበት ደግሞ ወዲያው ታየ። በጂቡቲ ወደብ የእርዳታ ስንዴና ለመኸር የሚደርስ ማዳበሪያ በአንድ ሰሞን ተደራርበው መርከቦች ተራ ሲጠብቁ ከረሙ። ስንዴው ቢዘገይ ዛሬ የሚራብ አለ፤ ማዳበሪያው ቢዘገይ በሚቀጥለው ዓመት የሚራብ ይኖራል። ከሁለቱ የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ መርከቦቹ ወደብ ላይ ቆመው የሚነሳ ጥያቄ መሆን አልነበረበትም።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ ለአደጋ የተጋለጠ ወረዳ በምን ምልክት፣ ምን ያህል ነገር፣ ከየትኛው መጋዘን፣ በማን ፊርማ እንደሚወጣለት አስቀድሞ የተጻፈ ደንብ ይኑረው። ምልክቶቹ አዲስ ምርምር የሚጠይቁ አይደሉም፤ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎቻችን ለዓመታት ሲመዘግቧቸው የኖሩ ናቸው። የበልጉ ዝናብ ስንት ቀን ዘገየ? በአርብቶ አደሩ ገበያ አንድ ፍየል ተሸጣ ስንት ኪሎ በቆሎ ትገዛለች? በጤና ጣቢያው ለከፍተኛ የምግብ እጥረት ሕክምና የገቡት ሕፃናት ካለፈው ወር በስንት በለጡ? የፍየሏ ዋጋ ከተወሰነው መጠን በታች ሲወርድ መኖና የተወሰነ እህል ያለ ተጨማሪ ስብሰባ ይንቀሳቀስ፤ የሕፃናቱ ቁጥር ከተወሰነው ሲያልፍ ክትባትና አልሚ ምግብ ይውጣ። ሙሉው ግምገማ ይቀጥል፤ ቁጥሩም ይጥራ። የመጀመሪያው ወር ስፍር ግን ግምገማውን አይጠብቅ። ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ የሚለው የአበው ምክር በመንግሥት አሠራር ሲተረጎም ከዚህ የተለየ መልክ የለውም።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች አቅልዬ አላያቸውም። የመጀመሪያው፣ ድሃ አገር እህልና ገንዘብ ቆልፋ ለወደፊት ማስቀመጥ አትችልም፤ ዛሬ የራበው እያለ ለነገው ማከማቸት ቅንጦት ነው የሚል ነው። ክምችቱ የሚበደርና የሚሽከረከር እስከሆነ ድረስ የተቆለፈ ሀብት አይደለም። የዮሴፍን ታሪክ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም ያውቀዋል፤ በመጽሐፍ ቅዱሱ ታሪክ ዮሴፍ በጥጋቡ ዓመታት ይቀመጥ ያለው ከአምስት አንዱን እጅ ነበር፤ አራቱ እጅ ተበልቷል። ድህነት ለዝግጅት እንቅፋት ነው የሚለውንም ባንግላዴሽ አፍርሳዋለች። እ.ኤ.አ. በ1970 የመታት የባሕር ማዕበል ቢያንስ 3 መቶ ሺ ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥና፣ የድምፅ ማጉያና የማስጠንቀቂያ ባንዲራ ሰጥታ፣ መጠለያ ሠርታ፣ በየትኛው ምልክት ሰው እንደሚነሳ አስቀድማ ወሰነች። እ.ኤ.አ. በ2020 ከባድ ማዕበል ሲመጣ ሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ቀድሞ ከአካባቢው ወጣ፤ የሟቹ ቁጥር በአሥሮች የሚቆጠር ነበር። ባንግላዴሽ ይህን ሥራ ስትጀምር በዓለም ካሉት እጅግ ድሃ አገሮች አንዷ ነበረች።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ምልክት ሊያሳስት ይችላል፤ ድርቅ ይመጣል ተብሎ እህል ወጥቶ ዝናቡ ቢዘንብስ የሚል ነው። ይከሰታል። በአምስት ጊዜ አንዴ ብንሳሳት የሚደርሰው ጉዳት ግን በወረዳው መጋዘን ውስጥ ለሚቀጥለው ወቅት የሚሆን እህል መቀመጡ፣ መኖው ደግሞ በደህና ከብት መበላቱ ነው። የተከተቡት ሕፃናትም ድርቅ ባይመጣም ከኩፍኝ ይድናሉ። በመዘግየት የሚደርሰው ስሕተት ግን የሚታረም አይደለም። ሁለቱን ስሕተቶች በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ኃላፊ ጎዴ ላይ እርዳታው ሳይደርስ የሞቱትን 77 በመቶ ቆጥሮ ይምጣ።

እስካሁን የተናገርኩት በዝግታ ስለሚመጣው ድርቅ ነው። ድንገተኛው አደጋ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቱ፣ የቀበሌው አመራር፣ መምህሩና የጤና ባለሙያው ወዲያው ለነፍስ አድን ሮጠው ሄዱ። እየቆፈሩ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ከ2 መቶ በላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ለእርዳታ የሄዱት ናቸው። በቦታው የነበረው መሣሪያ አካፋ፣ ዶማና ባዶ እጅ ነበር፤ ከባድ ማሽን ወደዚያ ገደላማ ስፍራ መድረስ አልቻለም። አንድ ወረዳ የራሱ እስካቫተር ይኑረው ማለቴ አይደለም። ከሁሉ በፊት የጎደለው በገንዘብ ረገድ እጅግ ርካሹ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚደርሰው ሰው ሁለተኛ ናዳ ሊከተል እንደሚችል እንዲያውቅ የሚሰጥ ሥልጠና፣ ከላይ ሆኖ ተራራውን የሚጠብቅ አንድ ሰውና ፊሽካ፣ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቃሬዛ ያስፈልጋል። በየትኛው የመንገድ ሥራ ጣቢያ የትኛው ማሽን እንዳለ፣ ኦፕሬተሩ ማን እንደሆነና ነዳጁን ማን እንደሚከፍል የተጻፈበት አንድ ወረቀት ወረዳው እጅ ውስጥ መኖር አለበት። በክረምት ተዳፋት ላይ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ብዙ መጠየቅ አይደለም። ለወገኖቻቸው ሲሉ የሞቱት የጎፋ ሰዎች ጀግንነት አልጎደላቸውም፤ ጀግንነታቸውን በሕይወት የሚያቆይ ዝግጅት ነው የነፈግናቸው።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልመለስና፣ ሦስተኛውና ከባዱ ሌብነት ነው። ሀብቱን ወደ ወረዳ ማውረድና ውሳኔውን ማቅለል ለዘራፊ በር መክፈት ነው ይላሉ። በ2014 በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ኮምቦልቻ የነበሩ የእርዳታ መጋዘኖች ተዘርፈዋል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል በስፋት ከዓላማው ውጪ ውሏል በማለት በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታን አቆሙ፤ ወደ ሥርጭቱ ለመመለስ ግማሽ ዓመት ያህል ወሰደ። ይህን ተቃውሞ የሚያነሱ ሰዎች ሥጋታቸው እውነተኛ ነው። ሆኖም የተዘረፈው እህል የወጣው እኔ ከምለው ዓይነት አሠራር ውስጥ አልነበረም፤ ከላይ ወደ ታች ከሚወርደው፣ ተረጂው ስንት ኩንታል እንደተላከለት ከማያውቅበት አሠራር ውስጥ ነው። ሌብነት የሚያድገው በድብቅነት ነው። ወረዳው እህሉን ሲረከብ ሞዴል 19 ይቆርጣል፣ ሲያወጣ ሞዴል 22 ይጽፋል፤ ወረቀቱ ግን በፋይል ውስጥ ይቀራል። ያው ቁጥር በትልልቅ ፊደል በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍና በማከፋፈያው ቀን በሕዝቡ ፊት ቢነበብ፣ 3 መቶ ኩንታል ተልኮ 2 መቶው ብቻ ሲከፋፈል የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። የዕድር ገንዘብ ያዥ የሚፈራው ኦዲተርን ሳይሆን በወሩ ስብሰባ ላይ የሚነሱትን እናት ነው። በ2015 በሌቦች ጥፋት የተቀጡት ግን ከማንም በላይ ተረጂዎቹ ናቸው። ያን ቅጣት ያስከተለው አሠራር እንዳለ እንዲቀጥል ሌብነት መከራከሪያ ሆኖ መቅረቡን ልቀበለው አልችልም።

እርዳታ ሰውን ጥገኛ ያደርጋል የሚለውን ክርክር በአጭሩ አልፈዋለሁ። በወር 15 ኪሎ እህል ተቀብሎ ሥራ የሚተው ገበሬ የለም፤ ጥገኝነት ካለ ያለው በዋናነት የአገሪቱ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያግድ፣ የትልቁ ለጋሽ አንድ ትዕዛዝ በየወረዳው የጤናና የምግብ ሥራ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም አይተናል። መንግሥት ከተረጂነት ወደ ምርታማነት የሚለውን መርሕ ይዞ ሰብዓዊ እርዳታን በራስ አቅም እሸፍናለሁ ማለቱ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ግን በራስ አቅም ማለት ስንዴ ማምረት ብቻ አይደለም። ከባሌና ከአርሲ የተገዛ ስንዴ ቦረና ውስጥ ለራበው ሰው በጊዜ ካልደረሰ፣ ከጂቡቲ ከመጣው ስንዴ የሚሻልበት ምክንያት የለም። በ1986 የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ በአደጋ ጊዜ እርዳታ በማጣት ማንም ሰው መሞት የለበትም የሚል መርሕ አስቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ፖሊሲው ተሻሽሏል፤ መሥሪያ ቤቱም ስሙንና ተጠሪነቱን ደጋግሞ ቀይሯል። መርሑ ግን ዛሬም ትክክል ነው፤ የሚያንሰው ቀንና ኩንታል ተቆርጦለት፣ ፊርማ ያረፈበት ደንብ ነው።

ስለዚህ ጥሪዬ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትና ለየወረዳው ምክር ቤቶች ነው። የመጠባበቂያ በጀት ሲቀርብላችሁ ስንት ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉት። በምን ምልክት ይወጣል? ማን ይፈርማል? ከምልክቱ እስከ መጀመሪያው ጭነት ስንት ቀን ይፈቀዳል? ካልደረሰ የሚጠየቀው ማን ነው? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ የሌለው በጀት ወደ አቅራቢው ይመለስ። አንባቢም ለወረዳው ምክር ቤት አባል ይህንኑ ያቅርብ፤ የዕድሩን የዕቃ ቤት ቁልፍ ማን እንደያዘ የሚያውቅ ሰው የወረዳውን መጋዘን ቁልፍ ማን እንደያዘ የማወቅ መብት አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የበልጉ ምርት መያዙ ወይም መጥፋቱ የሚታወቀውም በዚያው ሰሞን ነው።